ፍርድ ለውሻ፣ ፍርድ ለጌታው

በልጅነቴ የነከሰኝ ውሻ በማግሥቱ ተገደለ። ቁስሌ ከሻረ ዘመናት አልፈዋል፤ ያ ፍርድ ግን ዛሬም ይከነክነኛል። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» እንላለን፤ አብልቶ መናከስን ያስተማረውንስ ማን ይጠይቀው?

በ2007 እ.ኤ.አ. በቨርጂኒያ፣ የአሜሪካን ፉትቦል ዝነኛ ተጫዋች ከነበረው ከማይክል ቪክ የውሻ ፍልሚያ ግቢ ከ50 የሚበልጡ ውሾች ተያዙ። እንዲህ ያሉ ውሾች እስከዚያ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ በጅምላ ይገደሉ ነበር። በዚህ ጉዳይ ግን እያንዳንዱ ለየብቻው ተመረመረ። ቪክ 23 ወር እስራት ተፈረደበት፤ ለውሾቹ ማቆያም ወደ 928,000 ዶላር እንዲከፍል ታዘዘ።

22ቱ በዩታ ወደሚገኝ መጠለያ ተላኩ። የአሠልጣኞቹ መሣሪያ ዱላ ሳይሆን ትዕግሥት፣ ምግብና የማይዛነፍ የዕለት ሥርዓት ነበር። ብዙዎቹ በጊዜ ብዛት ከቤተሰብ ጋር ለመኖር በቁ። ሜሪል የተባለችው ሰው ስለምትተናኮል ዕድሜዋን በመጠለያው እንድትፈጽም ተወሰነባት፤ እርሷም እንኳ የለመደቻቸውን ሰዎች ማመን ተማረች።

የእኔን ነካሽ ቀንና ሌሊት በሰንሰለት አስሮ ያሳደገው ጎረቤታችን ግን አንድም ቀን አልተጠየቀም። በወሩ ሌላ ቡችላ አመጣ፤ ሰንሰለቱ ያው የቀድሞው ነበር።