አሮጌ ጌም የሚያረጀው መቼ ነው? ከካርቲየ 4 የሚነሣ መመዘኛ

ስለ አሮጌ የቪዲዮ ጨዋታዎች ሲጻፍ ትዝታ ክርክሩን ቶሎ ይጠልፈዋል። ያደግንበት ጨዋታ ሁሉ ያምረናል፤ ጨዋታው ራሱ ደህና መሆኑን ግን ይህ አያስረዳም። ትዝታ ለሌለው ሰው ሰጥቶ፣ ሁኔታው በማያመች ቦታ መፈተን ይሻላል። ለዚህም የጅቡቲ ከተማን ካርቲየ 4 እንደ መፈተኛ ልውሰድ።

በቁጥር የሚጠሩት ካርቲየዎች የከተማዋ ነባር ሰፈሮች ናቸው። ሶማሊኛ፣ አፋርኛ፣ ዓረብኛና ፈረንሳይኛ በሚነገሩባት በዚች ከተማ የኢትዮጵያውያኑ አማርኛና ኦሮምኛም ይታከላል። በሞቃቱ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ይዘላል፤ ኤሌክትሪኩም ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ በከፊል ከኢትዮጵያ በመስመር ይመጣል። እዚህ የሚዘልቅ ጨዋታ ሳያስነብብ የሚገባ፣ ቶሎ አልቆ ለተረኛ የሚለቀቅ፣ የሩቅ ሰርቨር የማይጠብቅ መሆን አለበት።

አካባቢው እንዲህ ያሉ ጨዋታዎችን ድሮም ያውቃል። የሶማሌዎቹ ሻሕ በመሬት ላይ በተሠመረ ሰሌዳ ለእያንዳንዱ ተጫዋች 12 ጠጠር ብቻ ይፈልጋል። የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የመጀመሪያ ዳይሬክተር የነበሩት ሪቻርድ ፓንክረስትም በ1971 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር መጽሔት ስለ ገበጣና ስለ አፍሪካ ቀንድ ተዛማጅ ጨዋታዎች ሰፊ ጥናት አሳትመዋል። ከጥናቱ ጎልቶ የሚወጣው የሕጎቹ ብዛት ነው፤ አጨዋወቱ ከአገር አገር ይለያያል።

በዚህ መመዘኛ ቴትሪስ ያለ ችግር ያልፋል። አሌክሲ ፓጂትኖቭ በ1984 እ.ኤ.አ. ሞስኮ ውስጥ ሲሠራው ኤሌክትሮኒካ 60 የተባለው ኮምፒውተር ሥዕል ማሳየት ስለማይችል ቅርጾቹን በፊደል ምልክቶች ነበር የደረደራቸው። በሥዕል ያልተመካ ጨዋታ ሥዕል ሲያረጅ አብሮ አያረጅም። በኒንተንዶ የተሠራውን ቅጂ አንድ የ13 ዓመት አሜሪካዊ ልጅ ማሽኑ ደርቆ እስኪቆም ድረስ የተጫወተው በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. ነው። ልጁ ሲወለድ ቅጂው ከወጣ 20 ዓመት አልፎት ነበር፤ ስለዚህ ትዝታ ነው ሊባል አይችልም። በ1997 እ.ኤ.አ. ከኖኪያ 6110 ጋር የመጣው እባብም በዚሁ ወገን ይመደባል።

ከባዱ ጉዳይ የእግር ኳስ ጨዋታ ነው። በየዓመቱ አዲስ ስለሚወጣ አሮጌው ወዲያው መሞት ነበረበት። የኮናሚው ዊኒንግ ኢለቨን ግን በፕሌይስቴሽን 2 ላይ በእኛ ከተሞች ከጆተኒና ከፑል አጠገብ ቤት ተከፍቶለት ለዓመታት ኖሯል። ሁለት ጆይስቲክ፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ ከኋላ የቆመ ተረኛ፤ ተሸናፊ ይከፍላል፣ አሸናፊ ይቀመጣል። ኳሱ ከተጫዋቹ እግር ተነጥሎ መንከባለሉ፣ ቅብብሉም ጉልበትና አቅጣጫ መጠየቁ ጎበዙን ከጀማሪው ይለያል። የተጫዋቾቹ ፊት ዛሬ ሲታይ አሻንጉሊት ይመስላል፤ የቅብብሉ ሒሳብ ግን አልተበላሸም። (በግሌ ከኋላ መጥተው በትዕይንት ከበለጡት ብዙዎቹ ይልቅ የ2006 እ.ኤ.አ.ውን ዕትም እመርጣለሁ፤ የሚከራከረኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ።)

የኔትወርኩ ጉዳይ ይህን ያጠናክራል። ሙሉ በሙሉ በሰርቨር የሚሄድ ጨዋታ ኩባንያው ሲዘጋው ያበቃል፤ የፕሌይስቴሽን 2 ዲስክ ግን የማንንም ፈቃድ አይጠብቅም። ሌንሱ ይደክማል፣ ዲስኩ ይጫራል፣ ይህም እውነት ነው። ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ ፒፒኤስኤስፒፒ የተባለው ፕሮግራም ፒኤስፒ የተባለውን የእጅ መጫወቻ ጨዋታዎች በተራ ስልክ አስገብቷል። ጨዋታው ሲተርፍ ወንበሩ ግን ጠፋ፤ ፒኤስፒ ለአንድ ሰው እጅ የተሠራ ነውና ተረኛውም፣ ተሳዳቢው ተመልካችም አብረው አልመጡም። ለእኔ ይህ ግማሽ መትረፍ ነው።

በ2023 የወጣ የአሜሪካ ጥናት በዚያ ገበያ ከቀረቡት ቀደምት ጨዋታዎች 87 በመቶው በሕጋዊ ሽያጭ እንደማይገኙ አሳይቷል። ቅጂውን የሚያድኑ አሉ። የጌም ቤቱን ሕግ ግን፣ ማለትም ማን እንደሚከፍል፣ የትኛው ቡድን እንደሚከለከል፣ መብራት ሲጠፋ ውጤቱ ለማን እንደሚጸና፣ ከዲስኩ ላይ ማንም አያገኘውም። የአዲስ አበባና የጅቡቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ተጫዋቾቹ በሕይወት ሳሉ ደብተር ይዘው ወደየሰፈሩ ይውጡ፤ ካርቲየ 4 መነሻ ሊሆን ይችላል።