«እገሌ» እና ባዶው ቦታ፦ ከሠንጠረዥ ስለሚሞሉ የድረ ገጽ ጽሑፎች ታሪክና ስያሜ

በእንግሊዝኛ «ዳይናሚክ» እየተባለ የሚጠራውን የድረ ገጽ ይዘት በአማርኛ «ተለዋዋጭ ይዘት» ማለት በተርጓሚዎች ዘንድ እየተለመደ መጥቷል። ስያሜው ከመዝገበ ቃላት አንጻር ሲታይ ስሕተት አይባልም፤ ነገር ግን የሚጠራውን ነገር አያሳይም። «ተለዋዋጭ» ሲባል አንባቢ የሚረዳው በራሱ ጊዜ የሚቀያየርን ነገር ነው፤ ስለ ሰው ጠባይ ሲነገርማ ነቀፋ ይሆናል። በሒሳብ ደግሞ ቃሉ ሌላ ሥራ ይዟል። እዚህ የሚነገርለት ገጽ ግን ቃሉ አስቀድሞ የተደረደረ፣ በመካከሉ ባዶ ቦታ የተተወለት፣ ባዶው ቦታም ጠያቂ በመጣ ጊዜ በሌላ ሥፍራ ከተቀመጠ ሠንጠረዥ የሚሞላለት ነው። ስለዚህ የነገሩ ቁልፍ መለዋወጡ ሳይሆን ባዶው ቦታ ነው። ይህ ቦታ በእኛም ሆነ በሌሎች የጽሕፈት ልማድ ውስጥ ረጅም ታሪክ ስላለው፣ ስያሜ ከማውጣታችን በፊት ያንን ታሪክ መለስ ብሎ መመልከት ይገባል።

በአገራችን የክታብ ጥቅልሎችን የመረመረ ሰው አንድ ነገር ልብ ሳይል አይቀርም። ደብተራው ጸሎቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ጽፎ፣ የባለቤቱ ስም በሚገባበት ሥፍራ ሁሉ ባዶ ቦታ ትቶ የሚያልፍበት ጊዜ ነበር። ክታቡ ገዢ ሲያገኝ የክርስትና ስሙ፣ አንዳንዴም በሌላ እጅና በሌላ ቀለም፣ በየቦታው ይሞላል። ጥቅልሉ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ ደግሞ የፊተኛው ስም ተፍቆ የኋለኛው በላዩ ይጻፋል። ጸሎቱ አንድ፣ ባለቤቶቹ ብዙ፤ አሠራሩ ዛሬ በኮምፒዩተር ከሚደረገው በመሠረቱ አይለይም።

ይሁን እንጂ ደብተራው ስም ብቻ ለውጦ ማለፍ አይችልም። ለወንድ «ዕቀቦ ለገብርከ» የሚለው ለሴት «ዕቀባ ለአመትከ» መሆን አለበት። «ወለተ ማርያም» የሚለውን ስም በ«ገብረ ማርያም» ቦታ ያስገባ ጸሓፊ፣ ግሡንና ከስሙ በፊት ያለውን ቃል ካላረመ፣ ግእዝ ለሚያውቅ አንባቢ የተሰበረ ዐረፍተ ነገር ይተዋል። ግእዝ ይህን ስለሚያውቅ ባዶውን ቦታ የሚጠራበት ቃል እንኳ ጾታ አለው፦ ለወንድ «እገሌ»፣ ለሴት «እገሊት»። በሥርዓተ ጸሎት መጻሕፍት የጳጳሱ ወይም የተጠማቂው ስም በሚነሣበት ሥፍራ «እገሌ» ተብሎ መጻፉ የታወቀ ነው፤ ካህኑም ቃሉን እንደ ተጻፈ አያነበውም፣ ስሙን ይተካበታል እንጂ። አማርኛም ሁለቱን ቃላት ከነጾታቸው ወርሷቸዋል።

በአውሮፓም ባዶው ቦታ ከኅትመት ጋር አብሮ የተወለደ ነው ማለት ይቻላል። በጀርመን አገር በማይንትስ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1454 እና በ1455 የታተሙት የኃጢአት ሥርየት ደብዳቤዎች፣ ዓመተ ምሕረት ከተጻፈባቸው የአውሮፓ ተንቀሳቃሽ ፊደል ኅትመቶች ሁሉ የመጀመሪያዎቹ ሲሆኑ፣ የተቀባዩ ስምና ቀኑ በእጅ እንዲሞላ ክፍት ቦታ ተትቶላቸው ነበር።

ወደ ድረ ገጽ ስንመጣ፣ እንግሊዛዊው ቲም በርነርስ ሊ በጄኔቭ አጠገብ በሚገኘው የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ድርጅት ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1991 ለሕዝብ ያቀረቡት ሥርዓት በመጀመሪያ የተዘጋጁ ሰነዶችን ብቻ የሚያቀብል ነበር። ገጹ አንድ ጊዜ ይጻፋል፤ ጠያቂው ማንም ቢሆን ያው ገጽ ይላክለታል። እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የሱፐርኮምፒዩተር ማእከል፣ ገጽ አቀባዩ ኮምፒዩተር ጥያቄውን ለሌላ ፕሮግራም አስተላልፎ የፕሮግራሙን መልስ እንደ ገጽ እንዲልክ የሚያስችል ስምምነት አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1995 ራስመስ ለርዶርፍ የራሱን የሥራ ታሪክ ገጽ የሚጎበኙትን ለመቁጠር የሠራውን መሣሪያ ለሕዝብ ለቀቀ፤ በኋላ ፒ.ኤች.ፒ. ተብሎ የታወቀው ቋንቋ ከዚህ የበቀለ ነው። ሠንጠረዡ ራሱ ግን ከዚህ ሁሉ የቀደመ ነው፤ የአይ.ቢ.ኤም. ተመራማሪ የነበረው ኤድጋር ኮድ ውሂብን በተዛማጅ ሠንጠረዦች የማደራጀትን ሐሳብ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1970 ነበር። በ1990ዎቹ የሆነው፣ ለየብቻ ያደጉት ገጽና ሠንጠረዥ መጋባታቸው ነው።

የአማርኛ ጽሑፍ በዚህ ጋብቻ ዘግይቶ ተጋባዥ ነበር። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ቁጥር ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የፊደል ፕሮግራም ሆሄያቱን በየራሱ ቁጥር ይመዘግብ ስለ ነበር፣ ባንዱ የተጻፈውን በሌላው ማንበብ አይቻልም ነበር፤ ብዙ ጽሑፍም እንደ ሥዕል ሆኖ ይለጠፍ ነበር። ሥዕልን ደግሞ በሠንጠረዥ አስገብቶ ቃሉን መፈለግ፣ በፊደል ተራ ማስያዝ አይቻልም።

ዛሬ ድረ ገጽ መገንቢያ የሚባሉት መሣሪያዎች ይህን ሥራ ፕሮግራም ለማያውቅ ሰው አቅርበውታል። አንድ መጽሐፍ ሻጭ 300 መጻሕፍት ቢኖሩት 300 ገጽ አይጽፍም። ርእስ፣ ደራሲ፣ የታተመበት ዓመትና ዋጋ የሚሉ ዓምዶች ያሉት ሠንጠረዥ ያዘጋጃል፤ ከዚያ አንድ አብነት ገጽ ይነድፍና የትኛው ዓምድ የትኛው ቦታ እንደሚገባ ያመለክታል። መሣሪያው ከአንዱ አብነት 300 ገጽ ያወጣል፤ ዋጋው በሠንጠረዡ ሲታረም በሁሉም ቦታ ይታረማል። የአሠራሩን ጥቅም መካድ አይቻልም። ነገር ግን ከበስተኋላው አንድ ያልተነገረ ግምት አለ፤ ይኸውም በባዶው ቦታ የሚገባው ቃል ጎረቤቶቹን አይነካም የሚል ነው። ግምቱ ለእንግሊዝኛ በአብዛኛው ይሠራል። ለአማርኛ አይሠራም።

የመጽሐፍ ሻጩን አብነት እንውሰድ፦ «ደራሲው ___ በ___ ተወለደ።» ከ300ዎቹ ደራስያን መካከል ሴቶች ሲገኙ «ደራሲዋ» እና «ተወለደች»፣ አንጋፋ ሲሆኑ «ተወለዱ» መባል ሊኖርበት ነው። ተርጓሚዎች እስካሁን የሸሹባቸው መንገዶች የታወቁ ናቸው። አንዱ የመሥሪያ ቤቶቻችን ቅጽ ያስተማረን «አቶ/ወ/ሮ» ዓይነት ስብጥር ሲሆን፣ «ተወለደ/ች» ብሎ ይጽፋል፤ ይነበባል እንጂ አይነገርም። ሌላው ሁሉንም ሰው «አንቱ» ማለት ነው። ጾታን ይሰውራል፤ ዋጋው ግን የ8 ዓመት ልጅ የትምህርት ገጽዋን ስትከፍት «እንኳን ደህና መጡ» መባልዋ ነው። ሦስተኛው ዐረፍተ ነገሩን ጨርሶ ትቶ «የትውልድ ቦታ፦ ጎንደር» ማለት ነው። ይህ ከሁሉ የሚያስተማምነው ነው፤ በዚያው ልክ ጽሑፉን ወደ መዝገብ ቅጽ ያወርደዋል። በእኔ አስተያየት ትክክለኛው መንገድ አራተኛው ነው፦ በሠንጠረዡ ላይ የአክብሮትና የጾታ ዓምድ ጨምሮ ግሡ በዚያ እንዲመረጥ ማድረግ። ዊኪፔዲያ የሚሠራበት ሶፍትዌር ለተጠቃሚዎቹ ይህን የሚፈቅድ ምልክት አለው። ለሰዋስው ሲባል ሰውን ጾታው ምን እንደ ሆነ መጠየቅ የራሱ ችግር እንዳለበት አልዘነጋም፤ ላልመለሰ ሰው ሦስተኛው መንገድ ይቆይለት።

ከዚህ የሚብሰው ጥፋት ግን ዐይን የማይይዘው ነው። እኔ ራሴ ለትርጉም በቀረበልኝ አንድ ዝርዝር ውስጥ የእንግሊዝኛው መስተዋድድ ለብቻው በአንድ መስመር ተቀምጦ አግኝቼ፣ ሌላ ምርጫ አጥቼ «በ» ብዬ አልፌዋለሁ። ውጤቱን ያየሁት ከወራት በኋላ ነው። አብነቱ «ሥልጠናው በ___ ይሰጣል» ሆኗል። «ጤና ጣቢያ» ሲገባበት ደህና ነው። «የመምህራን ማኅበር» ሲገባበት ግን ኮምፒዩተሩ «በየመምህራን ማኅበር» አለ። ማንኛውም የአማርኛ ተናጋሪ «በ» ከ«የ» ፊት ሲመጣ «የ»ን እንደሚያስጥላት ሳይማር ያውቃል፤ «በመምህራን ማኅበር» ይላል። «በየ» የቀረች እንደ ሆነ ትርጉሙ ሌላ ነው፤ በእያንዳንዱ ማለት ነው። አንድ ቦታ የሚሰጠው ሥልጠና በሁሉም ዘንድ የሚሰጥ መሰለ፤ ማስታወቂያውን አይቶ ወደ ሌላ ማኅበር የሄደ ሰው ቢኖር ጥፋቱ የእሱ አይደለም። የተሳቢው «ን» ነገርም እንዲሁ ነው፤ «አዲሱ ገበያ» ላይ ከኋላ ሲለጠፍ «አዲሱ ገበያን» ይሆናል፤ የሚባለው ግን «አዲሱን ገበያ» ነው።

ሠንጠረዥ ስለ ሞክሼ ሆሄያትም ምሕረት አያውቅም። «ዓለማየሁ» እና «አለማየሁ» ተብሎ በሁለት መልክ የተመዘገበ አንድ ደራሲ ሁለት ገጽ ይወጣለታል፤ መጻሕፍቱም ለሁለት ይከፈላሉ። ስለ ሆሄያት መወሰን ለዘመናት የተከራከርንበት ጉዳይ እዚህ የውበት ጥያቄ መሆኑ ይቀራል።

አሁን ወደ ስያሜዎቹ እንመለስ። «ውሂብ» ከ«ወሀበ» መውጣቱ የላቲኑን «የተሰጠ» የሚል መሠረት በትክክል የተከተለ ነው፤ እርግጥ የግእዝ ሰዋስው በጥብቅ ቢጠየቅ «ውሂብ» መስጠት፣ «ውሁብ» ደግሞ የተሰጠው ነው። ቃሉ ስለ ለመደ መንካት አያሻም። «የውሂብ ጎታ» እጅግ የተዋጣ ነው፤ ጎታ ያየ ሰው ማስረዳት አያስፈልገውም። የሠንጠረዥን «ፊልድ» «መስክ» ማለት ግን ሣር የሚበቅልበትን ሜዳ በሠንጠረዥ ውስጥ ማስገባት ነው፤ «ዓምድ» ይበቃል። «ድረ ገጽ» በግእዝ ዘርፍ ሥርዓት ሲፈታ የገጽ ድር ማለት ነውና አንዳንዶች «ገጸ ድር» ማለታቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሕዝቡ ግን ፈርዷል። ለ«ቴምፕሌት» የአማርኛው ዊኪፔዲያ «መለጠፊያ» ይላል፤ እኔ እዚህ «አብነት» ያልሁት መለጠፍ ከላይ የሚደረግ ነገር ስለ ሆነ ነው። «ተለዋዋጭ ይዘት» በሚለው ፈንታ «ከውሂብ የሚሞላ ይዘት» ቢባል ይረዝማል፤ ነገሩን ግን ይናገራል።

ባዶውን ቦታ የሚይዘውን ምልክት «ቦታ ያዥ» ማለት የተጀመረ ይመስላል። የቃል በቃል ትርጉም ነው፤ ወረፋ የሚጠብቅን ሰው ያስታውሳል። «እገሌ» የሚለው ቃል ይህንኑ ሥራ በብራናው ላይ ሲሠራ ኖሯል፤ ለስያሜነት የማቀርበውም እሱን ነው፤ በመዝገበ ቃላቱም ከ«እገሊት» ጋር በአንድ መግቢያ ሥር እንዲሰፍር፣ የአብነት ሠሪው አማርኛ ሁለት ዓይነት ባዶ ቦታ እንዳለው በመጀመሪያው መስመር እንዲያነብ።