በብርድ በረጋ ምድር ላይ ስለሚቆም የሕንፃ መሠረት

በምሥራቅ ሳይቤርያ በያኩትስክ ከተማ፣ ፊዮዶር ሸርጊን የተባለ የሩስያ-አሜሪካ ኩባንያ ወኪል እ.ኤ.አ. በ1828 የውሃ ጉድጓድ ማስቆፈር ጀመረ። ሥራው እስከ 1837 ቀጥሎ ጉድጓዱ 116 ሜትር ያህል ቢወርድም ከበረዶው አፈር አልወጣም፤ ውሃም አልተገኘም። ለባለቤቱ ያልፈየደው ጉድጓድ ግን ለሳይንስ ጠቀመ። የተፈጥሮ ተመራማሪው ሚደንዶርፍ በ1840ዎቹ የምድሩን ሙቀት በየጥልቀቱ የለካው በዚሁ ጉድጓድ ውስጥ ነበር።

እንዲህ ያለው ምድር ረግቶ እስከቆየ ድረስ ከባድ ሕንፃ ይሸከማል። በውስጡ ያለው በረዶ ሲቀልጥ ግን ወደ ጭቃ ተለውጦ ይሰምጣል። መስመጡም በየማዕዘኑ እኩል ስላልሆነ ግድግዳው ይሰነጠቃል። ቤቱን የሚያፈርሰውም ነዋሪው ከብርድ ለመዳን የሚያነደው እሳት ራሱ ነው።

ስለዚህ መሐንዲሶቹ ወለሉን ከመሬት ከፍ አድርገው፣ የክረምቱ ነፋስ ከሥሩ እንዲያልፍ ማድረግን መረጡ። በ1937 በያኩትስክ የተሠራው የኤሌክትሪክ ማመንጫ በዚህ ዘዴ ከቆሙት ቀደምት ትልልቅ ሕንፃዎች አንዱ ነው። በኖሪልስክ ደግሞ ዘዴውን ያስፋፋው የኮሪያ ተወላጁ መሐንዲስ ሚካኢል ኪም ነበር። ወደዚያች ከተማ የመጣው በእስረኝነት ነው፤ በ1966 ግን ስለዚሁ ሥራ የሌኒን ሽልማት ተሰጠው። የአርማታ ምሰሶው ከእርሱ ሰፋ ባለ ጉድጓድ ውስጥ ይቆምና ዙሪያው በቀጭን ጭቃ ይሞላል። ጭቃው በረዶ ሆኖ ምሰሶውን እስኪይዘው ድረስ ጭነት አይጫንበትም።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ምሰሶው መሸከም የሚሳነው በረዶው ሲቀልጥ ብቻ አይደለም። ሙቀቱ ከዜሮ በታች ሳለ እንኳ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን በረዶው ምሰሶውን የሚይዝበት ኃይል ይደክማል።

በ1975 እና በ1977 መካከል በአላስካ በተዘረጋው የነዳጅ ቧንቧ ላይ ሌላ ዘዴ ተጨመረ። ቧንቧውን ከተሸከሙት 78,000 ያህል ድጋፎች በብዙዎቹ ውስጥ አሞንያ የያዙ ቱቦዎች ገብተዋል። አሞንያው በክረምት ከምድሩ ሙቀት ወስዶ ይተንና ወደ ላይ ይወጣል፤ ከላይ ቀዝቅዞ ወደ ፈሳሽነት ሲመለስ ተመልሶ ይወርዳል። በበጋ አየሩ ከምድሩ ስለሚሞቅ ዝውውሩ በራሱ ይቆማል፤ ሞተርም አያስፈልገውም።

እ.ኤ.አ. በሜይ 29 ቀን 2020 በኖሪልስክ የአንድ የነዳጅ ጋን ድጋፎች ሰምጠው ከ20,000 ቶን በላይ ናፍጣ ፈሰሰ። ከፊሉ የአየሩን መሞቅ፣ ከፊሉም የንድፍና የግንባታ ጉድለትን ምክንያት አደረገ። በተራው የመኖሪያ ቤት ዘንድ ግን ጉዳቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚህ በቀለለ ነገር ነው፤ ከወለሉ ሥር የሙቅ ውሃ ቧንቧ ያፈሳል፣ ወይም የነፋሱ መተላለፊያ በበረዶ ክምር ተደፍኖ ይከርማል።