ኦጋዴን፦ ፈቃድ ሰጪው ማን ነበር?

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1945 ለአሜሪካው ሲንክሌር ኩባንያ የነዳጅ ፍለጋ ፈቃድ ሲሰጡ፣ ኦጋዴን ገና በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር ነበር። ባለርስት ያልሆነ መሬት አያከራይምና፣ ፊርማው ከነዳጁ ይልቅ ለሉዓላዊነታችን የቆመ ነበር ብዬ አምናለሁ። እንግሊዝ በ1948 አብዛኛውን ግዛት ለቀቀች (ምክንያቱ ውሉ ብቻ ነው ባይባልም)። ሲንክሌር ግን ለገበያ የሚበቃ ነዳጅ ሳያገኝ ወጣ፤ የካሉብን ጋዝ በ1973 ያገኘው ቴኔኮ የተባለ ሌላ የአሜሪካ ኩባንያ ነው።

መንግሥታት ተለዋወጡ፣ ፈቃዱም ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። የአካባቢውን አርብቶ አደር ግን ማን አማከረው? በሚያዝያ 2007 የኦብነግ ታጣቂዎች በአቦሌ የቻይና ኩባንያ የፍለጋ ሰፈር ላይ በከፈቱት ጥቃት፣ ዘጠኝ ቻይናውያንን ጨምሮ ከ70 የማያንሱ ሰዎች ሲገደሉ፣ በደም የተነሣው ያው የ1945ቱ የባለቤትነት ጥያቄ ነበር። በ2013 ለሌላ የቻይና ኩባንያ፣ ለፖሊ ጂሲኤል፣ የተሰጠውን ፈቃድ ደግሞ መንግሥት ራሱ በ2022 ሰረዘው።