ዐቢይና ንኡስ ፊደል

ፕሮግራሚንግ የሚማሩ ልጆች «ፊደሉን ቀይረው» ሲባባሉ እሰማለሁ። የሚፈልጉት ግን ኤ ወደ ቢ እንድትቀየር ሳይሆን ትልቁ ኤ ትንሽ፣ ትንሹም ትልቅ እንዲሆን ነው። ይህ ማለዋወጥ እንጂ መቀየር አይደለም። «ትልቅ ፊደል» ማለቱም ያሳስታል፤ ሰው የጽሑፉን መጠን አሳድግ የተባለ ይመስለዋል። «ካፒታል» ደግሞ ለገበያ ሰው መነሻ ገንዘብ ነው። ሥሩ «ራስ» የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ቃል ነው። እንግሊዞች ሌላም ስም አላቸው፤ የድሮ ማተሚያ ቤት ሠራተኞች ትልልቆቹን የብረት ፊደላት በላይኛው ሣጥን፣ ትንንሾቹን በታችኛው ያስቀምጡ ስለነበር የሣጥኖቹ ስም ለፊደላቱ ቀረ።

የግእዝ ፊደል ይህ ልዩነት የለውም። ፓይተን በሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ውስጥ ትልቁንና ትንሹን ፊደል የሚያለዋውጠውን፣ ስዋፕኬስ የሚባለውን ትእዛዝ «ባቲ» በሚለው የከተማ ስም ላይ ብንሞክረው ያንኑ «ባቲ» ይመልስልናል። ኦሮምኛ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ በቁቤ፣ የተጻፈው ባቲ ግን ይገለበጣል፤ የመጀመሪያዋ ትልቅ ቢ ታንሳለች፣ ተከታዮቿ ሁሉ ይተልቃሉ። ባቲና ከሚሴ አማርኛና ኦሮምኛ ጎን ለጎን የሚነገርባቸው ከተሞች ናቸውና በእነርሱ የሚያድግ ልጅ ሁለቱንም ፊደል ማወቁ አይቀርም። ኦሮምኛ በ1984 ዓ.ም. ቁቤን በይፋ ሲይዝ ከነልዩነቱ ተቀብሎታል፤ ቁቤ ጉዳ፣ ቁቤ ጢቃ ይላቸዋል። «ዸ»ን የመሰለው ድምፅ በቁቤ አንድ ፊደል ተብሎ ቢቆጠርም በሁለት የላቲን ምልክቶች ስለሚጻፍ፣ የመጀመሪያው ብቻ ትልቅ ሲሆን ኮምፒውተሩ አንዱን አሳንሶ ሌላውን ያተልቃል። ፕሮግራም ጸሐፊው ራሱ ለዚህ ሊጠነቀቅ ይገባል።

ለአማርኛችን «ዐቢይ ፊደል» እና «ንኡስ ፊደል» እንድንል እመርጣለሁ። ዐቢይ ጾምን፣ ንኡስ ኮሚቴን የማያውቅ የለም። ትእዛዙንም «ዐቢይና ንኡስ ማለዋወጥ» እንበለው።