ስኔክ ፕላንት ወይስ ድራሴና? የቤት ውስጥ ተክል ከመግዛትዎ በፊት ውሃዎን ይወቁ

በናይሮቢ ምዕራባዊ ክፍል የሚገኘው ላቪንግተን በሰፋፊ ግቢዎቹ ይታወቅ ነበር። ዛሬ ብዙዎቹ ግቢዎች ለአፓርታማ ሕንጻዎች ቦታቸውን እየለቀቁ ነው። የአትክልት ቦታ የሌለው ነዋሪ ታዲያ ዓይኑ የሚያርፈው በመንገድ ዳር ችግኝ ሻጮች ዘንድ በተደረደሩት የቤት ውስጥ ተክሎች ላይ ነው።

ከእነዚህ ውስጥ ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው። አንደኛው ቅጠሉ እንደ ሰይፍ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ስኔክ ፕላንት ሲሆን፣ ሁለተኛው እንደ በቆሎ ቅጠል የሚዘናፈለው ድራሴና ፍራግራንስ ነው። ስኔክ ፕላንት ለረጅም ዘመን ሳንሴቬሪያ በሚል ስም ለብቻው ይመደብ ነበር። የዘረመል ጥናቶች ዝምድናውን ካሳዩ በኋላ ግን ወደ ድራሴና ወገን ተዛውሯል።

ሁለቱም አፍሪካዊ ናቸው። ስኔክ ፕላንት ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ የተገኘ ሲሆን፣ ድራሴና ፍራግራንስ ደግሞ በምሥራቅ አፍሪካም የሚበቅል የአገር ልጅ ነው። በኪሊማንጃሮ ተዳፋት የሚኖሩት ቻጋዎች 'ማሳሌ' ብለው ይጠሩታል፤ የእርሻ ድንበር ያበጁበታል፤ የበደለ ሰውም ይቅርታ ሲጠይቅ ቅጠሉን ይዞ ይሄዳል።

ለናይሮቢ ነዋሪ ዋናው ልዩነት ያለው ውሃው ላይ ነው። በርካታ አፓርታማዎች የጉድጓድ ውሃ ይጠቀማሉ፤ የከተማዋ የከርሰ ምድር ውሃ ደግሞ በብዙ ቦታ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ካስቀመጠው በሊትር 1.5 ሚሊግራም ጣሪያ ያለፈ ፍሎራይድ አለበት። ድራሴና ፍሎራይድን አይችልም፤ የቅጠሉ ጫፍና ጠርዝ እየነደደ ቡናማ ይሆናል። ብዙዎች ውሃ ያነሰው መስሏቸው እዚያው ውሃ ይጨምሩበታል፤ ጉዳቱም ይብሳል። ማፍላት ፍሎራይድን አያስወግድም፤ ውሃው ሲተን ይልቁን ያከማቸዋል። መፍትሔው የዝናብ ውሃ ማጠራቀም ነው። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ለምትገኘው ለአዳማና ለአካባቢዋ ነዋሪዎችም ይህ ችግር እንግዳ አይደለም።

ስኔክ ፕላንት በወፍራም ቅጠሎቹ ውሃ ስለሚያከማች አፈሩ እስኪደርቅ ሳምንታት ቢቆይ አይከፋውም። የሚገድለው የውሃ ብዛት ነው፤ በተለይ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው የናይሮቢ ብርድ ወቅት ሥሩ በቀላሉ ይበሰብሳል። የጉድጓድ ውሃ ለሚጠቀምና ብዙ ጊዜ ከቤት ለሚርቅ ሰው የተሻለው ምርጫ እሱ ነው። የዝናብ ውሃና ሰፋ ያለ ሳሎን ላለው ግን ድራሴናን የሚያህል ግርማ የለም።

አየር ያጠራሉ ተብሎ ለሁለቱም የሚነገረው ማስታወቂያ ግን የተጋነነ ነው። መነሻው እአአ በ1989 የወጣ የናሳ ጥናት ሲሆን፣ ሙከራው የተደረገው በታሸገ ትንሽ ክፍል ውስጥ ነበር። እአአ በ2019 የታተመ ግምገማ መስኮት ከመክፈት የሚስተካከል ውጤት ለማግኘት በአንድ ካሬ ሜትር ወለል ከ10 እስከ 1000 ተክሎች እንደሚያስፈልጉ አሳይቷል።

ውሻ ወይም ድመት ያለው ቤተሰብ ሁለቱንም ከፍ አድርጎ ያስቀምጥ፤ በውስጣቸው ያለው ሳፖኒን የተባለ ንጥረ ነገር እንስሳቱን ያስመልሳቸዋል። ጠርዙ ቢጫ የሆነውን ስኔክ ፕላንት ማባዛት የሚሻ ደግሞ ከሥሩ ከፍሎ ይትከለው። ከቅጠል ቁራጭ የሚበቅለው አዲስ ተክል ቢጫውን ጠርዝ አይወርስም።