የፕሮፌሰር ኮል እሑዶች

ጥቅምት 20 ቀን 1896 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያኑ ኦክቶበር 31 ቀን 1903፣ ቅዳሜ ነበር። የአሜሪካ የሒሳብ ማኅበር አባላት ኒው ዮርክ ላይ ተሰብስበው ጥናታዊ ጽሑፎችን ያዳምጣሉ። የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው መምህርና የማኅበሩ ጸሐፊ ፍራንክ ኔልሰን ኮል ተራው ሲደርስ ወደ ጥቁር ሰሌዳው ሄዶ ጠመኔ አነሳ። 67 ሁለቶችን እርስ በርስ አባዝቶ 1 ቀነሰ፤ 147,573,952,589,676,412,927 ሆነ። ወደ ባዶው የሰሌዳ ክፍል ዞሮ ደግሞ 193,707,721ን በ761,838,257,287 ማባዛት ጀመረ። ዘጠኝ አሃዝ በአሥራ ሁለት አሃዝ፣ ረድፍ በረድፍ። መጨረሻ ላይ የወጣው ያው የመጀመሪያው ቁጥር ነበር። ኮል ትንፍሽ ሳይል ተመልሶ ተቀመጠ፤ አዳራሹም በጭብጨባ ተናጋ።

የሒሳብ መጻሕፍት ታሪኩን ሲቀባበሉት የኖሩት በዚህ መልክ ነው።

ብቸኛ ቁጥር፣ ወይም ፕራይም፣ የሚባለው ከ1 የሚበልጥና ከ1ና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የሌለ ሙሉ ቁጥር ነው፦ 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11 እያለ ይቀጥላል። ከ1 በላይ ያለው ሌላው ሙሉ ቁጥር ሁሉ የእነዚህ ብዜት ነው። 60 ለምሳሌ 2×2×3×5 ነው፤ ቅደም ተከተሉ ካልተለዋወጠ በቀር ሌላ አፈጣጠር የለውም። ብቸኛ ቁጥሮች ማለቂያ እንደሌላቸው ከ2,300 ዓመት ገደማ በፊት ዩክሊድ አረጋግጧል።

ኮል የነካው ቁጥር ግን የራሱ ዝና ነበረው። ፓሪስ ይኖር የነበረው መነኩሴ ማረን መርሴን በ1644 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሁለትን ደጋግሞ አባዝቶ 1 በመቀነስ ብቸኛ ቁጥር የሚገኝባቸውን ብዛቶች እስከ 257 ዘርዝሮ ነበር። 67 ከዝርዝሩ ውስጥ አለ። ቃሉ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሳይፈርስ ቆየ። በ1876 ፈረንሳዊው ኤድዋር ሉካስ ቁጥሩ ብቸኛ እንዳልሆነ አረጋገጠ፤ አካፋዮቹን ግን አላገኘም። መርሴን 61 ሊል ፈልጎ በኅትመት ስሕተት 67 ሆኖበት ይሆናል ያሉም ነበሩ፤ 61 እውነትም ብቸኛ ቁጥር ይሰጣልና። ይሁን እንጂ መነኩሴው 89ንና 107ንም ዘሏቸዋል፣ 257ን ደግሞ ያለ አግባብ አስገብቷል። ስሕተቱን ሁሉ በአታሚው ማሳበብ አይቻልም።

አሁን ወደ ዝምታው። የኮልን ታሪክ በዚህ መልክ ያሰራጨው ኤሪክ ቴምፕል ቤል ነው፤ መጽሐፉ የወጣው በ1951፣ ከጉባኤው ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላ ሲቃረብ ነው። ቤል በ1903 ካሊፎርኒያ ውስጥ የስታንፎርድ ተማሪ ስለነበር የሚተርከው በዓይኑ ያየውን አይደለም። ታሪክ ማሳመር የሚወድ ጸሐፊ መሆኑንም የሒሳብ ታሪክ አጥኚዎች ደጋግመው ተችተውታል። ያም ሆኖ አንድ ነገር ከምንጩ ሰምቻለሁ ይላል፦ በ1911 ኮልን አግኝቶ ሥራው ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀበት ሲጠይቀው፣ የሦስት ዓመት እሑዶች እንደወሰደበት ነግሮታል። ቤል በዚያን ጊዜ ኮሎምቢያ የዶክትሬት ተማሪ፣ ኮልም እዚያው መምህር ስለነበር ይህኛው ቃል ይታመናል። ዝምታው ግን ያጠራጥራል።

የሚያጠራጥረውም ኮል ራሱ የጻፈው ስላለ ነው። በዚያው በ1903 በማኅበሩ መጽሔት ላይ ትልልቅ ቁጥሮችን ወደ አካፋዮቻቸው ስለ መበተን ያወጣው ጽሑፍ ዘዴውን ያብራራል። ዘዴው ደግሞ የሚያኮራ ነው። በትንሹ ለማየት 11 ሁለቶችን አባዝቶ 1 መቀነስ ይበቃል፤ 2,047 ይመጣል። የዚህ ቁጥር አካፋይ ሁሉ በ22 ሲካፈል 1 መትረፍ አለበት። ስለዚህ 3ን፣ 7ን፣ 13ን መሞከር አያስፈልግም፤ የመጀመሪያው ዕጩ 23 ነው፤ 23×89 ደግሞ 2,047 ነው። ለ67ም ሕጉ ያው ሲሆን አካፋዩ በ134 ሲካፈል 1 ይተርፋል። 193,707,721 ላይ ቢሞከር በትክክል ይሠራል። ግን በዚህ ሕግ ብቻ ቢሄዱ የዕጩዎቹ ብዛት ማስፈራቱ አይቀርም፤ ፍለጋው እስከ 12 ቢሊዮን ሊዘልቅ ይችላልና። ኮል ተጨማሪ የቀሪ ሕጎችን እየደራረበ የማይሆኑትን በጅምላ ጣለ። አፉን ዘግቶ ያባዛ ሰው አድርጎ መሳል የደከመበትን ሐሳብ ይሸፍንበታል።

የቀረው ሕይወቱ በአብዛኛው የቢሮ ሥራ ነበር። ማሳቹሴትስ ተወልዶ ሃርቫርድ ተማረ፣ ላይፕዚግ ድረስ ሄዶ ከፌሊክስ ክላይን ዘንድ አጠና፣ የማኅበሩ ጸሐፊ ሆኖም ከ1896 እስከ 1920 አገለገለ። ሲሰናበት የተሰጠውን ገንዘብ ለማኅበሩ መልሶ ሰጠ፤ በስሙ የሚጠራው ሽልማት መነሻው ይህ ገንዘብ ነው።

ከዚያ ቅዳሜ የሚቀረው ትልቁ ነገር ሚዛኑ ነው፦ ለማግኘት ሦስት ዓመት፣ ለማረጋገጥ አንድ ሰሌዳ። በ1977 የኤምአይቲዎቹ ሪቨስት፣ ሻሚርና ኤድልማን አርኤስኤ የተባለውን የምስጢር መጠበቂያ ዘዴ የገነቡት በዚሁ ላይ ነው። ብሪታኒያዊው ክሊፎርድ ኮክስ በ1973 ተመሳሳዩን ደርሶበት ነበር፤ ለመንግሥት የስለላ ተቋም ይሠራ ስለነበር ግን እስከ 1997 ለሕዝብ አልተገለጸም። ሁለት ግዙፍ ብቸኛ ቁጥሮች ይባዛሉ፣ ብዜቱ ለማንም ይገለጣል፣ ሁለቱ ቁጥሮች ግን ከባለቤቱ ጋር ይቀራሉ። የአርኤስኤ ፈጣሪዎች በ1977 ለሕዝብ ያቀረቡትን ባለ 129 አሃዝ ቁጥር ለመበተን በ1994 ወደ 600 የሚጠጉ በጎ ፈቃደኞች ኮምፒውተሮቻቸውን አስተባብረዋል። ዛሬ የተለመደው ርዝመት 617 አሃዝ ነው፤ ከዋሽንግተንም ሆነ ከዱባይ ለቤተሰቡ ገንዘብ የሚልክ ሰው የባንኩን ድረ ገጽ ሲከፍት ብዙ ጊዜ ከጀርባው እንዲህ ያለ ቁጥር አለ።

ይህም ጥበቃ ቀኑ እየተቆጠረ ነው። ፒተር ሾር በ1994 ባሳየው ስልት መሠረት በቂ አቅም ያለው የኳንተም ኮምፒውተር ከተሠራ መበተኑ ቀላል ይሆናል። የአሜሪካ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም ከዚህ ስጋት ነጻ ይሆናሉ ያላቸውን የመጀመሪያዎቹን ሦስት የምስጠራ ደረጃዎች በኦገስት 2024 አውጥቷል፤ ወደ እነሱ የመሸጋገሩ ሥራም ተጀምሯል።